ለአለምዘውድ ሳይተረጎም የቀረው

ካምፓላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለጋሽ ኪሩ፣ ደሴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጆሮዎ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ የእጅ ጽሑፍዎ እያማረ መጥቷል። ዕድሜ ለጆሮዎ፣ በዚህ ዘመን በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ የሚደርሳት የካምፓላ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ነጋዴው ኡዋይስ ኪኩቦ ገበያ ያለው ሱቁ ጠርቶኝ ፖስታውን ሲሰጠኝ፣ "የእናንተ ወረቀት ከኔ ዕቃ በላይ ሻንጣ ያዘ" ብሎ አማረረ። አማረረ እንጂ ሰው ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ ባይመላለስ ኖሮ የእኛ ነገር ድሮ አብቅቶለት ነበር።

ከመጽሐፍዎ ልጀምር። የላኩልኝን ሃያ ሁለት ገጽ የምሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ሮሌክሴን፣ ያን በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፣ እየገመጥኩ አንብቤ ጨረስኩ፤ አንዱ ገጽ ላይ የእንቁላል ዘይት ስላለ ይቅር ይበሉኝ። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ መቀመጥ ሲችል፣ ሁለትና ሦስት ቃል ተጣብቀው አንድ ሥራ የሚሠሩትን እነዚያን የእንግሊዝኛ ግሦች ወደ አማርኛ ልመልስ ብሎ መነሣቱ ያስቀናል። እኔም ለአገሬ ሰዎች ሳስተረጉም ከሐኪሞች አፍ የለቀምኳቸውን አሥራ ሰባት ልኬያለሁ። ሐኪም ያለ እነዚህ ግሦች አፉ አይከፈትም።

አንድ ክርክር አለኝ። "ብሬክ ዳውን" ለሚለው "ተበላሸ" ብለው አልፈውታል። ለመኪና ይሁን። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ነርስ ስለ አንድ አባት በዚሁ ግስ ነገረችኝ፤ ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቅ ነበር። ይህን "ተበላሸ" ብዬ ለቤተሰቡ ብናገር በጥፊ ይሉኛል። "ሆድ ባሰው" የሚለው ቢጨመርስ? "ፑት አፕ ዊዝ" ላይ "ቻለ" ማለትዎን ግን ወድጄዋለሁ። እነሱ በሦስት ቃል የሚሉትን እኛ በአንድ እንጨርሰዋለን፤ መቻሉን ከማን አንሰን።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። "ስለ እህቴ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቴም ስለ ዓሣ ነገርሽኝ" ብለዋል። እውነትዎን ነው። አሁንም እትዬ አለምዘውድ ደህና ናቸው፣ የዓሣ ምግብ ቤታቸውም ደህና ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀድጃቸዋለሁ። ሦስተኛው ይኸው።

የእትዬ ጡት ውስጥ እጢ ተገኝቷል። ሐኪሙ ካንሰር ነው ብሏል።

ያን ቀን ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ፈጣን ተናጋሪ ነው፤ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገረ። እጢው እስካሁን ወደ ሌላ ቦታ እንዳልተዛመተ፣ ጡቱ ሙሉ በሙሉ መነሣት እንዳለበት፣ እስከዚያ በመድኃኒት እንደሚያዘጋጃቸው፣ ወተትና እንቁላል እንዲበሉ፣ ከባድ እንዳያነሡ፣ ከሁሉም በላይ ቀኑ ከታኅሣሥ አጋማሽ እንዳያልፍ፣ ካለፈ ግን እሱም ምንም ቃል እንደማይገባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ንገሪያት" አለኝ። እትዬም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አልኩ? "ትንሽ እብጠት ናት። ይህን መድኃኒት ይውሰዱ፤ ከዚያ ደግሞ ያዩዎታል።" የአምስት ደቂቃውን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ሐኪሙ "ገብቷታል?" ሲለኝ "አዎ" አልኩ። ለታኅሣሥ አሥር ቀን ያዘላቸው፤ ያንንም አልነገርኳቸውም።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ለታማሚ አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው። አባቴ ሲታመምም መጀመሪያ የሰማው አጎቴ ነበር፤ አባቴ ጨጓራ ነው እንደተባለ ነው ያለፈው። እትዬ ደግሞ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰው ናቸው። እዚህ ዘመድ ብለው የሚጠሩት እኔን የጎረቤታቸውን ልጅ ነው፤ ከመጣሁ ጀምሮ ጓሯቸው ያለችው ክፍል ውስጥ በነፃ አኑረውኛል። ታላቅ ወንድማቸው እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎ ነገርኩ። ያዘዙኝን አደርጋለሁ።

አላህ ብርታቱን ይስጥዎ።

ተማሪዎ ሙህሲና

*

ደሴ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙህሲና፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ረቡዕ ተቀብዬ እስከ ዓርብ አልከፈትኩትም። ውፍረቱን አይቼ በግሦቹ ልትከራከሪኝ ነው ብዬ፣ ለክርክሩ ጉልበት እስካገኝ ነበር የቆየሁት። ያን ሁለት ቀን አሁን እንደ በዓል አስበዋለሁ።

"ሆድ ባሰው" ያልሽው ተቀብያለሁ፤ ይገባል። ግን ያ የፈረንጅ ግስ እንዲህ ብርቅ አይሁንብሽ። እኛም ሁለት ቃል አጣብቀን አንድ ሥራ እናሠራለን። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ችላ አለ የሚሉትን ተመልከቻቸው። ፈረንጁ ትንሿን ቃል ከኋላ ይቀጥላል፣ እኛም "አለ"ን ከኋላ እንቀጥላለን። ይህን በመግቢያው ላይ በሰፊው ልጽፍበት አስቤያለሁ። "ፑት ኦፍ" ያልሽውን "አዘገየ" ብዬ ነበር፤ አልጣመኝም። አሁን "በይደር አቆየ" ብዬዋለሁ፤ የሸንጎ ሽታ ቢኖረውም ያምራል። "ቴክ አውት" ለሚለው "አወጣ" በቂ ነው። "ካም ራውንድ" ለሚለው...

ይኸው፣ አንድ ገጽ ሙሉ ሸሸሁ። አሁን ወደማልፈልገው ልምጣ።

እንዳትነግሪያት።

አለምዘውድን አንቺ የምታውቂያት ካምፓላ ውስጥ ነው፤ ገበያውን የምታስጨንቅ ነጋዴ ሆና። እኔ የማውቃት ጉንዳን ነክሷት "ሞትኩ" ብላ ሰፈር የሰበሰበችውን ነው። ነጎድጓድ ሲመታ ከአልጋዬ ሥር ትገባ ነበር፤ ከራሷ አልጋ ሥር እንኳ አይደለም። አባታችን ያለበትን በሽታ አንድ አፈ ቀላል ድሬሰር በስሙ ጠርቶ ነገረው፤ በስምንተኛው ቀን ቀበርነው። በሽታው ገና ዓመት ይሰጠው ነበር ብለውናል። ሰውየውን የገደለው ስሙ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። "ትንሽ ነገር ናት፣ ቆረጥ አድርገው ያወጧታል፣ በሳምንቱ ምግብ ቤትሽ ትመለሻለሽ" በያት። ወረቀቱ ላይ ትፈርም። ከዳነች በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ የፈለገችውን ትስደበኝ።

"ተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም" እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ እንደነበር አልረሳሁም። አንቺም እንዳልረሳሽው አውቃለሁ፤ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠሽ ትጽፊው ነበር። ያ ለክፍል ነው። ይቺ እህቴ ናት። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ስም ይጻፍ።

መምህርሽ ኪሩ

*

ካምፓላ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ኪሩ፤

እንዴት አሉልኝ? ደሴ ብርዱ እንደገባ ኡዋይስ ነግሮኛል፤ ካፖርትዎን ይልበሱ።

እንዳዘዙኝ አደረግኩ። በጾመ ነቢያት ዋዜማ ነበር። እትዬ ጠዋት የሐይቁ ወደብ ፖርት ቤል ወርደው ለጾሙ የሚሆን ዓሣ ገዝተው ተመልሰዋል፤ ከጀልባ ሴቶቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ሲሟገቱ አርፍደው ድምፃቸው ዘግቷል። እኔ ስደርስ ሐይቁ በሚታይበት በጓሮ በኩል ተቀምጠው ቅርፊት ይፍቃሉ። አጠገባቸው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እርስዎ በጻፉልኝ ቃል፣ "ትንሽ ነገር ናት፣ ቆረጥ አድርገው ያወጧታል" አልኳቸው። ቀኑንም ነገርኳቸው።

ቢላዋቸውን እንኳ አላቆሙም። "ትንሽ ከሆነች ምን አስቸኮላት? ከገና በኋላ ትሁና" አሉኝ።

ጋሼ፣ ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም። ትንሽ ነገር ለሌላ ቀን ይቆያል፤ እኔስ ብሆን አንዲት ጥርሴን ሁለት ዓመት ሙሉ አቆይቻት የለ?

ምክንያታቸውን ስሰማ ደግሞ የባሰ ጨነቀኝ። የማኅበራቸው ሰዎች አርባ ሆነው ለገና ላሊበላ ሊሳለሙ ነው፤ እትዬም ተመዝግበዋል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ አገራቸውን ሊያዩ ነው። ሌላም አለ፤ እንዳልነግርዎ አስምለውኛል። ከላሊበላ ሲመለሱ ከማኅበሩ ተነጥለው ደሴ ድንገት በርዎ ላይ ብቅ ሊሉ አስበዋል። "ወንድም ጋሼ ሲያየኝ ምን እንደሚመስል ለማየት ብዬ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አሉኝ። እየሳቁ ነበር። እርስዎ ለእሳቸው እንዳልነግር አዝዘውኛል፣ እሳቸው ለእርስዎ እንዳልነግር አስምለውኛል፤ እኔ በመካከላችሁ ሆኜ የማንን አፍ እንደምዘጋ ጠፋኝ። ይኸው የእሳቸውን መሐላ አፈረስኩ።

ሐኪሙ ትናንት ቢሮው ጠርቶኝ እትዬ ቀኑን ማስተላለፍ እንደፈለጉ ከጸሐፊዋ መስማቱን ነገረኝ። "እምቢ ብላ ነው? እምቢ ማለት መብቷ ነው፤ ግን ከራሷ ልስማ" አለኝ። ምን ልበለው? እምቢ ለማለትም መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። እትዬ እምቢ ያሉትን ነገር አልሰሙትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ወተትና እንቁላል እንዲበሉ ያዘዘውን ያኔ አብሬ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። አሁን እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ ከዚያም ሽሮና ጎመን ነው። ሃምሳ ኪሎ የፖሾ፣ የበቆሎ ዱቄት ከቦዳ ሞተር ብስክሌት ላይ ሲያወርዱ አይቼ ሮጬ ብቀማቸው፣ "ምን ሆነሻል ዛሬ፣ አረጀሁ እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። የሆንኩትን መናገር አልችልም።

እዚህ ሆስፒታል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ "የተባለውን ሁሉ አስተርጉሜያለሁ" በሚል ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። የእትዬም ወረቀት ላይ ፊርማዬ አለ። በኃጢአት ስለሚጻፈው አልጨነቅም፤ እሱን ወደ ራስዎ ወስደዋል። የምጨነቀው ስለ ታኅሣሥ አሥር ነው።

እባክዎ ይፍቀዱልኝና ልንገራቸው።

ሙህሲና

*

ደሴ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙህሲና፤

ፈቃዴን ጠየቅሽኝ። አልሰጥም።

ለፓስፖርት አመልክቻለሁ፤ ሁለት ወር ጠብቅ ብለውኛል። ታኅሣሥ አሥር ከዚያ በፊት መሆኑን መቁጠር አያቅተኝም፣ ስለዚህ እሱን መልሰሽ አትጻፊልኝ። ሌላ መንገድ አግኝቻለሁ። ኪሩ "ገና ዘንድሮ ይቅር፣ አሁኑኑ ታክመሽ አስታውቂኝ" ብሎሻል በያት። ምክንያቱን አትጠይቂ ብሏል በያት። ታላቋ አይደለሁም? የታላቅ ቃል እንደሆነ ትታዘዛለች።

ገጾቹን አልላክሁም። ትናንት "ጊቭ አፕ" በሚለው ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀመጥኩ። "ተስፋ ቆረጠ" አልኩና ሰረዝኩ። "ተወ" አልኩና ሰረዝኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ።

ደሴ ብቅ ልትል አስባለች ያልሽኝን ለምን ነገርሽኝ? ጆሮዬ ለስልክ ደንቁሮ ለበር ግን ተከፍቷል። ጎረቤቴ ጽጌ የተጣራች ቁጥር ብድግ እላለሁ። እሷ ናት እያልኩ ነው፤ ገና ወሩ ሳይደርስ።

እለምንሻለሁ፤ እኔ መምህርሽ ነኝ፣ ለምኜሽም አላውቅም።

ኪሩ

*

ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሽ ኪሩ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ወረቀት ከማንበብዎ በፊት ይቀመጡ። እትዬ በሕይወት አሉ፣ ደህና ይበላሉ፤ እሱን አስቀድሜ ልንገርዎ።

ትእዛዝዎን ጥሼ ነገርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ። ይቅር ባይሉኝም እውነት አለዎት።

መጀመሪያ ያሉኝን ሞክሬያለሁ። "ጋሽ ኪሩ ገናው ይቅርና አሁኑኑ ታከሚ ብለዋል" አልኳቸው። ሳቁ። "ወንድም ጋሼ በዕድሜው ቸኩሎ አያውቅም፤ ሙሽራ እየጠበቀች ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ነው። ምን አስፈራው?" አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ፊቴን አዩት። ጋሼ፣ የእርስዎ ቃል ነው የከዳን፤ እትዬ እርስዎን ከኔ ይልቅ ያውቁዎታል።

እጃቸውን ታጠቡ፣ በሩን ዘጉ፣ "በይ" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰዓት አልጽፍልዎትም፤ እሱ የእሳቸው ነው።

በማግስቱ በሁለት ቦዳ ተከታትለን ሆስፒታል ሄድን። ለሐኪሙ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ "ባለፈው የነገርካቸውን አላስተረጎምኩም፤ ደብቄያቸዋለሁ" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እትዬ ስቦ፣ ከመጀመሪያው፣ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያለ ደገመው። እኔም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያልኩ መለስኩት። ጡትዎ ሙሉ በሙሉ ይነሣል የሚለው ላይ ስደርስ መሐል ላይ አቆምኩ። እትዬ ጉልበቴን መታ አድርገው "ቀጥዪ" አሉኝ።

ሦስት ጥያቄ ጠየቁት። የመጨረሻው "ይህን ሁሉ ያን ጊዜም ነግረኸኝ ነበር?" የሚል ነበር። ሐኪሙ እኔን ሳያይ "አዎ፣ ነግሬሽ ነበር" አለ። ያንንም አስተረጎምኩ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ "አንድ ወር ሙሉ ጤነኛ አድርገሽ አኖርሽኝ፤ አላመሰግንሽም" አሉኝ።

እኔ ከሥራ ታግጃለሁ። መታወቂያዬን ተቀብለውኝ ጉዳዩ ይታያል ብለዋል። አላዘንኩም አልልም፤ ኮሪደሩ ይናፍቀኛል። ግን ትክክል አይደሉም ለማለት አፌ አልደፈረም። ከሐኪም አፍ የሚለቀም ግስም ለጊዜው ቀርቷል፤ መጽሐፉን ባለዎት ይቀጥሉ። እባክዎ ይቀጥሉ። ለታኅሣሥ አሥር ሆስፒታሉ ሌላ አስተርጓሚ መድቦላቸው ነበር፤ እትዬ እምቢ አሉ። "እሷው ትሁንልኝ፤ አንዴ የዋሸኝን ሰው ሁለተኛ ሲዋሸኝ ፊቱን አውቀዋለሁ" ብለዋል። ስለዚህ እንደ ዘመድ ገብቼ እቆማለሁ።

ከዚህ ጋር የእሳቸው ደብዳቤ አለ። "እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ አንቺ ጻፊ" ብለው እኔን አስጻፉኝ። የተናገሩትን እንደተናገሩት ጽፌዋለሁ። ጋሼ፣ ስጽፍ ልሸፍንልዎ የፈለግኩት ቦታ ነበረ፤ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አልሸፈንኩትም።

ሙህሲና

*

ሙቱንጎ፣ ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

እንደምን አለህ? እኔ እንደሰማኸው ነኝ። ከኔ ቀድመህ ሰምተኸዋልና ዜናውን አልደግምልህም።

ሐሙስ ነው ቀኑ፣ ታኅሣሥ አሥር። ጡቴን ያነሡታል፣ ሙሉውን። ወረቀቱ ላይ ትናንት ራሴ ፈርሜያለሁ፤ እያንዳንዱን መስመር ሙህሲና አንብባልኝ፣ ያልገባኝን አስደግሜ። ለማኅበሩ እንደማልሄድ ነገርኩ፤ ቦታዬን ለማኅበርተኛዬ ለአክበረት ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ትሳለምልኝ። ንስሐ አባቴ ጾሙን ተዪው ብለውኛል። ወተት እየጠጣሁ ነው። በጾም ወተት መጠጣት አፍ ላይ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቀኝ፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ዞሬ ነው የምጠጣው።

ትፈራለች ብለህ ነው የደበቅከኝ። ሙህሲና የጻፍክላትን አሳይታኛለች፤ አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስገደድኳት። እውነትህን ነው፣ ፈራሁ። ሁለት ቀን ምግብ ቤቱን ዘግቼ አለቀስኩ፤ የገዛሁት ዓሣ ሳይጠበስ ተበላሸ፤ ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው "ንያቦ፣ እመቤቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉኝ አልከፈትኩም። ያን ያህል ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ከፈትኩ። ፈራሁ እንጂ አልሞትኩም፣ ወንድም ጋሼ። አባታችንን የገደለው መስማቱ አይደለም። አንተ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመትህ ነበር፤ አንድ የምትወቅሰው ሰው ፈለግህና ድሬሰሩን አገኘህ።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ሙህሲና ብዕሯን አንሥታ ታየኛለች፤ ጻፊ ብያታለሁ።

እማዬ ያረፈችው በ2004 ሐምሌ ነው። እኔ የተረዳሁት በ2006 የካቲት ነው፤ አምስት ሰዎች ማለዳ በሬን አንኳኩተው፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ። በመካከሉ ሁለት ገናና አንድ ፋሲካ አለፈ። በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ትለኝ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ትለኝ ነበር፣ ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶታል ትለኝ ነበር። ሰው አገር ብቻዋን ሆና አትስማ ብለህ ነው፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል፣ እኔም ለሌላው አድርጌዋለሁ።

ግን ያቺን ጫማ ታስታውሳለህ? እግሯ ያብጣል ብለኸኝ ነበር። ተረከዙ ለስላሳ፣ ለሚያብጥ እግር የሚሆን ጫማ ፍለጋ ኪኩቦን ሦስት ቀን ዞርኩ። አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይከብዳታል፣ አንዱን ቀለሙን አትወደውም እያልኩ። ቁጥሯን ጠየቅኩህ። ሠላሳ ስምንት አልከኝ። ሰባት ወር አፈር ውስጥ የቆየች ሴት የእግር ቁጥር ነገርከኝ። ጫማው ሲደርስህ ደግሞ ደውለህ "ልክክ አለላት" አልከኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ለሠራተኞቼ ሁሉ ምሳ ጋበዝኩ።

መርዶውን የሰማሁ ቀን ስለ እማዬ አለቀስኩ። ስለ ጫማው ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለብዙ ጊዜ፣ ለማንም ሳልናገር። ምን እንዳደረግህበት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩህም። አሁንም አትንገረኝ።

በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንተም ሁለት ዓመት ብቻህን ነው ያለቀስከው፣ ስልኩን ከፍተህ ስትስቅልኝ፣ ዘግተህ ስታለቅስ። አብረን ማልቀስ እንችል ነበር። እኔን ልታድነኝ ብለህ ራስህን ብቻህን አስቀረህ። በዚህኛው እንዲያ አይሆንም፤ ሕመሙ የኔ ነው፣ አብረኸኝ ትሸከማለህ።

ሐሙስ ዕለት ሙህሲና በሩ ላይ ትቆማለች። ሐኪሙ ወጥቶ የሚላትን፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ያኑ ሰዓት ለጽጌ ስልክ ትጽፋለች፤ ጽጌ መጥታ ፊትህ ታነብልሃለች። ለጽጌም አስቀድሜ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ሰው አይሰበሰብም፣ ማለዳ በርህ አይንኳኳም፣ ማንም ተኝታለች አይልህም። ቤትህ ሆነህ ጠብቅ።

ከዳንኩ ፓስፖርትህ ሲደርስ ና፤ ዓሣ እጠብስልሃለሁ። ካልዳንኩ በዚያው ቀን ታውቃለህ። እኔ አንተን ለሞተ ሰው ጫማ አላስገዛህም።

እህትህ አለምዘውድ